ብረት በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ

የሱቄ በር ግራ በኩል ይይዛል። ወደ ላይ እየተጠቀለለ የሚከፈት የብረት በር ነው፤ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሮጌውን ገዝቶ ያስገጠመው። «ማንም ቢጠይቅሽ አዲስ ነው በይ» ብሎኝ ነበር። እኔም እላለሁ፤ በሩ ግን አይተባበረኝም። ሲዘጋ ወገብ ላይ ሲደርስ ግራው ሐዲድ ላይ ቅርቅር ይላል። ያን ጊዜ ቢሰድቡት ዋጋ የለውም፤ እኔ ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ትንሽ ወደ ላይ መልሶ ማንሳት፣ በጉልበት ግራውን ጎን ነካ ማድረግ፣ ከዚያ ለቀቅ ነው። ይህን የሚያውቅበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ታናሽ ወንድሜ ነው።

ሰፈሩ «ረጋ በሉ» ብሎ ነው የሚጠራው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ደንበኛ ያለ አይመስለኝም። ሱቃችን ፊት ለፊት የአውቶቡስ ፌርማታ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ሥራ ሊሄድ ግር ብሎ ይገባል። አንዱ ዳቦ ይላል፣ አንዷ የራስ ምታት ክኒን፣ ሌላው ባትሪ። ወንድሜ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ስኳሩን ይመዝናል፣ የከረጢቱን አፍ ሁለቴ ያጥፋል፣ በሁለት እጁ ይሰጣል። ሰው ሲጣደፍበት «ረጋ በሉ እንጂ፣ አውቶቡሱ እናንተን ጥሎ የት ይሄዳል?» ይላል። አውቶቡሱ ግን ጥሏቸው ይሄዳል። እነሱም እየተራገሙ፣ እየሳቁ፣ ተመልሰው ገብተው ከእሱ ጋር ወሬ ይቀጥላሉ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ከእኔ ቀድሞ ሸብቷል፤ ሽርጡን ግን እንደ ሙሽራ ልብስ ይተኩሰዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ሆኖ አልኖረም። ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ሃያ ዓመት። ወረቀት በጣቱ ነካ አድርጎ ክብደቱን ይነግራችኋል። መጠጡን እዚያው ጀመረው፤ መጀመሪያ ከሥራ በኋላ፣ ቀጥሎ ከሥራ በፊት፣ በመጨረሻ ሥራው ቀረና መጠጡ ብቻውን ቀረ። ሚስቱ ታግሳ ታግሳ ሄደች፤ አልፈርድባትም። እኔም ቢሆን ስንቴ በሬን ዘግቼበታለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ፣ ሱቄን ልከፍት ስመጣ፣ ፌርማታው ወንበር ላይ ዝናብ እየመታው ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አንድ እግሩ ላይ ጫማ የለም። አንጀቴን በላው፤ ደሜም ፈላ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ። «ምን ላድርግህ? ንገረኝ፣ ምን ላድርግህ?» ብዬ መሐል መንገድ ላይ ጮህኩበት።

ቀና ብሎ አየኝና «እትዬ፣ ጠርሙስ የሌለበት ቦታ ብቻ ስጪኝ፤ ሌላውን እኔ እችለዋለሁ» አለኝ።

እኔ ዘንድ ደግሞ ጠርሙስ አልነበረም። ባለቤቴ ሽታውን ስለማይወድ መጠጥ ሸጠን አናውቅም። ሱቁን ሰጠሁት ማለት ይቻላል፤ ባንኮኒውን፣ ሚዛኑን፣ ያን የተረገመ በር። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እሱ ይከፍታል፤ ማታም እሱ ይዘጋል። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ከእሱ ቀድሜ እሄዳለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልቀረም። ሌላውን እችለዋለሁ እንዳለው ቻለው። እንዴት እንደቻለው አልጠየቅኩትም፤ የሚጠየቅ አልመሰለኝም።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ከሱቁ እስከ ቤቱ አሥር ደቂቃ ነው። መንገዱ ማዕዘን ላይ ባለው ሱቅ በኩል ያልፋል። ባለፈው ዓመት የከተማው ምክር ቤት ለዚያ ሱቅ መጠጥ እንዲሸጥ ፈቀደለት፤ ወንድሜም በትምህርት ቤቱ አጥር ዙሪያ መሄድ ጀመረ፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ። ከአራት ወር በኋላ ለነዳጅ ማደያው ሱቅም ተፈቀደ። እሱም ድልድዩን ተሻግሮ፣ በልብስ ማጠቢያው በኩል ዞሮ፣ በጓሮ ይገባ ጀመር። ግማሽ ሰዓት። አንድም ቀን አላማረረም። «እግር ማፍታታት ጥሩ ነው» ይላል። ምክር ቤቱ እጁን ባወጣ ቁጥር የወንድሜ መንገድ ይረዝማል፤ ይህን እያየሁ ነው እንግዲህ ያደረግኩትን ያደረግኩት።

ምን ላድርግ? ሰው ቢራ ሊገዛ ማዕዘኑ ሱቅ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ዳቦውንም ሳሙናውንም እዚያው ይዞ ይወጣል። ወደ እኔ ለምን ይምጣ? ለዓይኔ ሲል? ከሰዓት በኋላ ዝንብ እሽ እያልን እንቀመጥ ጀመር። ያልተሸጠ ዳቦ በከረጢት ተሸክሜ ቤቴ እገባለሁ፤ ማታ እሱን በሻይ፣ ጠዋት እሱን በሻይ፣ ሆዴ ዳቦ ቤት ሆነ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆሞ «አንቺ ሴትዮ፣ ቢራ ካላስገባሽ እስከ ክረምት ትዘጊያለሽ፤ እኔ ነግሬሻለሁ» አለኝ። ምን አገባህ ብዬ አባረርኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ እውነቱን ነበር የነገረኝ።

በማግስቱ ወንድሜ ሳሙና ሲደረድር አጠገቡ ቆምኩ። ፊቱን ሳላይ ነው የተናገርኩት።

«ስማ፣ ለምክር ቤቱ ላመለክት ነው።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለፈቃዱ። ለቢራው።»

እጁ ላይ የነበረውን ሳሙና ቦታው አስቀመጠው፤ ጫፉ ወጣ ብሎ ስለነበር በጣቱ ገፋ አድርጎ አስተካከለው። «እሺ እትዬ» አለኝ።

«ማቀዝቀዣው በኔ በኩል ነው የሚሆነው። የምሸጠውም እኔ ነኝ። አንተ አትነካውም፤ አታየውም ማለት ይቻላል።»

«እሺ።»

በቃ፤ ይኸው ነው። እሺ አለኝ ብዬ ሄድኩ። ይህ ሰው የጥርስ ሐኪሙ የታመመውን ነቅሎ «አጠገቡ ያለውንም ልንቀለው?» ሲለው እሺ ያለ ሰው ነው። ያንን እያወቅኩ እሺታውን እንደ መልስ ቆጠርኩት። የሚመቸኝን ነው የሰማሁት።

ምክር ቤቱ ዘንድ መስኮት ቁጥር አራት የምትቀመጥ ጉንፋን የያዛት ልጅ አለች፤ በሄድኩ ቁጥር ጉንፋን ይዟታል። ቅጹን ሰጠችኝ፤ ሞላሁ። የሱቁን ቁመትና ወርድ ሣዪ አለችኝ፤ ሣልኩ። የሣልኩት ሱቅ ሳይሆን ድንች ይመስላል፤ ግን ማኅተም መታችበት። ከዚያ አንድ ትልቅ ቢጫ ወረቀት አወጣች። «ይሄ ማስታወቂያ ሱቁ ላይ ይለጠፋል፤ ሃያ ስምንት ቀን፣ ከመንገድ በሚታይ ቦታ፣ ሳይነሳ። ተቃውሞ ያለው ሰው በነዚህ ቀናት ይመጣል። ከዚያ ኮሚቴው ይሰማችኋል።» አስነጠሳት። ይማርሽ አልኳትና ወጣሁ።

ወረቀቱን ለማን ልስጥ? የወረቀት ሰው እሱ ነው። ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ ዳሰሰና «ደህና ወረቀት ነው፤ ዝናብ ይችላል» አለ። ባታምኑኝም ደስ ብሎት ነበር፤ ከስንት ዘመን በኋላ የታተመ ነገር እጁ ገብቶ። ዱቄት በውኃ አፍልቶ ሙጫ ሠራ። «የተገዛው ሙጫ ይለቃል» ብሎኝ ነው። በማግስቱ ስመጣ «ለጠፍከው?» አልኩት። «ለጠፍኩት፤ ተነስ ቢሉት አይነሳም» አለኝ። የት ብዬ አልጠየቅኩም። እውነቱን ልናገር፣ ላየው አልፈለግኩም።

ሃያ ስድስተኛው ቀን ላይ ከምክር ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። ቀጭን፣ ቦርሳው ከእሱ የሚከብድ፣ የታከተው ሰው። ቀትር ላይ ነው፤ ሱቁ ውስጥ እንዳጋጣሚ አራት ደንበኛ አለ፤ ከነዚያ መሐል ሽንኩርት አንድ በአንድ እያሸተቱ የሚመርጡ አሮጊት ነበሩ።

«ማስታወቂያችሁ የታለ?» አለ ተቆጣጣሪው። «ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ሦስቴም አላየሁም።»

«እንዴ! ተለጥፏል እንጂ» አልኩ። «አንተ፣ አሳያቸው።»

ወንድሜ ከባንኮኒው ወጣ። ረጋ ብሎ፣ እንደ ልማዱ። ከብረት በሩ ኋላ ያለውን የሱቁን የመስተዋት ፊት አልፎ ወጥቶ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ብረት በሩን ይጎትተው ጀመር። ሱቁ ጨለመ። አሮጊቷ «ኧረ በሕግ! ከነሕይወታችን ሊዘጉብን ነው!» ብለው ጮኹ። አንዱ ደንበኛ ጎንበስ ብሎ ሊወጣ ሲል ራሱን መታ። በሩ ወገብ ላይ ደርሶ ቅርቅር አለ፤ ጉልበቱን ሲያስነካው ወረደ። ከውጭ የወንድሜ ድምፅ ተሰማ፦ «ይኸውና ጌታዬ።»

ተቆጣጣሪውን ይዤ ከጓሮ በኩል ዞሬ ወጣሁ። በእውነት አምሮበታል። ብረት በሩ መሐል ላይ፣ በዓይን ቁመት፣ ዳርና ዳሩ ልክ፣ አንድ የአየር አረፋ የለበት። ማተሚያ ቤት ያሠለጠነው እጅ ነው። ችግሩ ግን በሩ ሲከፈት ማስታወቂያው አብሮ ይጠቀለላል፤ ቀን ቀን ጣሪያ ሥር ተጠቅልሎ ነው የሚውለው። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ያነበበው ሰው ቢኖር የማለዳ ወፍና የማታ ድመት ነው።

ተቆጣጣሪው ማስታወቂያውን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ እኔን አየኝ። ሊስቅም ሊቆጣም አቅም ያጣ ይመስላል። «እመቤቴ፣ ቀኑ ከዛሬ ጀምሮ እንደገና ይቆጠራል» አለና ሌላ ቢጫ ወረቀት ከቦርሳው አወጣ።

ደንበኞቹ ሲወጡ ጠብቄ ፈነዳሁ። «አውቀህ ነው! አውቀህ ነው ያደረግኸው! ባትፈልግ አፍ አውጥተህ አትናገርም? ሱቁ ሲዘጋ ነው ደስ የሚልህ?»

«አላወቅኩም እትዬ» አለ። ሽርጡን ይዞ ቆሟል። «ሱቁ ፊቱ እሱ መሰለኝ። ጠዋት መጥቼ የማየው በሩን ነው፤ ማታ ዘግቼ የማየው በሩን ነው። መስተዋቱን ከውስጥ እንጂ ከውጭ አይቼው አላውቅም።»

አሁን ሳስበው እውነቱን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ቆሞ የሱቁን ደጅ ተከፍቶ ያላየ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ሁለተኛውን ወረቀት ራሴ መስተዋቱ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ፤ ጠማማ ሆነ። አሮጌውን ከብረቱ ላይ ልናነሳው ሞከርን፤ ተነስ ቢሉት አይነሳም ያለው እውነት ሆነ። ተውነው።

ሁለተኛው ሃያ ስምንት ቀን ረጅም ነበር። ማስታወቂያው ወደ መንገድ ዞሮ ስለተለጠፈ፣ ከባንኮኒው ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ፊደሎቹ ተገልብጠው ውስጥ ድረስ ይታያሉ። ወንድሜ ስኳር ሲመዝን ፊት ለፊቱ ነው። ረጋ በሉ ማለቱን አልተወም፤ ግን ወሬ አሳጠረ። ሚዛኑን በቀን ሦስት ጊዜ ይወለውላል። አንድ ቀን ባንኮኒው ላይ ያለች ባዶ የኮምጣጤ ጠርሙስ አንስቶ ወደ ጓሮ ሲወስዳት አየሁት፤ በሁለት ጣቱ ነው የያዛት፣ የሞተ ነገር እንደሚያነሳ ሰው። ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ደንበኛ ገባ። ደንበኛው ባይገባም አልጠይቀውም ነበር፤ መልሱን ፈርቼዋለሁ።

የተቃወመ ሰው አልመጣም፤ መስኮት ቁጥር አራት ያለችው ልጅ እያስነጠሰች ነገረችኝ። ጉዳያችን ኮሚቴው ፊት የሚሰማው ረቡዕ ጠዋት ሆነ። ሱቁን ዘግተን ሁለታችንም ሄድን። «አንተ ቅር፣ ሱቁን ጠብቅ» ስለው «ልምጣ እንጂ፤ ደረጃው ይከብድሻል» አለኝ። ደግሞም ደረጃው ከብዶኛል፤ ክንዴን ደግፎ አወጣኝ።

አዳራሹ የቆዩ ወንበሮች የተደረደሩበት፣ የግድግዳው ሰዓት የቆመበት፣ ማይክሮፎኑ በየሦስት ቃሉ የሚጮህበት ነው። አምስት የኮሚቴ አባላት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ከፊታቸው የፋይል ክምር አለ። ከእኛ በፊት አንድ ሆቴል ደጁ ላይ ጃንጥላ ስለሚዘረጋበት ነገር ተከራከሩ፤ አርባ ደቂቃ። ስለ ጃንጥላው ቀለም ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ወገቤ ተቆረጠ።

ከዚያ ተራችን ደረሰ። ሰብሳቢዋ ፋይሉን ከፍተው በአንድ ትንፋሽ አነበቡት። «በጽሑፍ የደረሰን ተቃውሞ የለም። በዚህ አዳራሽ የሚቃወም አለ?» አሉ፤ ቀና እንኳ አላሉም። ሳይሞላ የቀረ አንድ መስመር ነበርና እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ደርሷል።

አጠገቤ ያለው ወንበር ተንቋቋ። ወንድሜ ተነስቶ ቆመ።

መጀመሪያ ሽንት ቤት ሊሄድ መሰለኝ። እጁን አወጣ። ቀልቤ ተገፈፈ።

«ማን ነዎት?» አሉት ሰብሳቢዋ።

«የሱቁ ሠራተኛ ነኝ።»

«የየትኛው ሱቅ?»

«የዚሁ። ወንድሟም ነኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ሽርጡን በጃኬቱ ስር እንዳደረገ ነው የመጣው፤ ማውለቁን ረስቶታል።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉ። «ተቃውሞ የሚታየው በአራት ጉዳይ ብቻ ነው። ጠብ፣ ጩኸት፣ የሕፃናት ደህንነት፣ የአካባቢ ጽዳት። እርስዎ በየትኛው ነው?»

«እሱን ነው ያላወቅኩት» አለ ወንድሜ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ማይክሮፎን አልያዘም። «አሁን ጠብ የለብኝም። አልጮህም። ልጅ አይደለሁም። ጽዳቱንም የማጸዳው ራሴ ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ቢሆን አራቱንም ነበርኩ።»



«እህቴ ክፉ ሰው አይደለችም» አለ ቀጥሎ። «ሱቁ እየሞተባት ነው። ልክ ናት። እኔ ግን ጠርሙስ ካለበት ቤት መቆም አልችልም። ስትነግረኝ እሺ ብያታለሁ፤ ውሸቴን ነው። ፊቷን እያየሁ እንቢ ማለት አቃተኝ። እዚህ ይጠይቃሉ ሲባል ሰማሁ። ከጠየቁ እመልሳለሁ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ቁጭ አለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። እኔ እነዚያን እጆች ሲንቀጠቀጡ ካየሁ ስድስት ዓመቴ ነው።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የደከማቸው ሴት ናቸው። «የተናገሩት ይመዘገባል» አሉ። «ነገር ግን ኮሚቴው በዚህ ምክንያት ሊከለክል አይችልም። መመሪያው አይፈቅድልንም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አመልካቿ ግን ማመልከቻቸውን መሳብ ይችላሉ። መብትዎ ነው። ይቀጥላሉ?»

እንግዲህ ይህን ነው ስናገር የሚደክመኝ። መመሪያው ሳይሆን እኔ ተጠየቅኩ። አምስት ሰው ያየኛል። ወንድሜን ዞር ብዬ አየሁት፤ እሱ የጫማውን ክር ነው የሚያየው፤ እንዳይጫነኝ ብሎ መሆኑን አውቃለሁ። ስለ ባዶው ከሰዓት አሰብኩ። ስለ ዳቦው ከረጢት፣ ስለ ጉልበቴ፣ ባለቤቴ ስለተወልኝ ብቸኛ ነገር። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የማን ደጅ ልጠና? ስለ አውቶቡስ ፌርማታውና ስለ ዝናቡም አሰብኩ። አላሰብኩም ብል ውሸት ነው።

«እቀጥላለሁ» አልኩ።

አምስት እጅ ወጣ። እስክሪብቶው መስመሩን ሞላ። የእኛ ጉዳይ በጠቅላላው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀው፤ በእጅ ሰዓቴ አይቻለሁ።

በአንድ አውቶቡስ ነው የተመለስነው። መስኮት በኩል ያለውን ቦታ ለቀቀልኝ። ልቆጣው ፈለግኩ፤ በሰው ፊት ያዋረድከኝ ልለው። ላለቅስም ፈለግኩ። ሁለቱም አልመጣልኝም። ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ፤ «ረጋ በይ፣ ጠርዙ ያንሸራትታል» አለኝ።

ፈቃዱ በሁለት ሳምንቱ ደረሰ። በማግስቱ ማቀዝቀዣው መጣ፤ ሁለት ሰዎች እያማጡ አስገቡት። መስተዋት በር ያለው፣ ውስጡ መብራት የሚበራ ነው። ወንድሜ የጠዋቱን ሰው አስተናገደ፣ ሚዛኑን ወለወለ፣ ሽርጡን አውልቆ አራት ቦታ አጥፎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ድልድዩ ማዶ ያለው ልብስ ማጠቢያ ሰው ይፈልጋል» አለኝ። «መተኮስ እችላለሁ።»

«እንዲህ በቶሎ?» አልኩት። «ገና ባዶ ነው እኮ። ገና አንድ ጠርሙስ አልገባበትም።»

«ባዶ እያለ ነው መሄድ ያለብኝ እትዬ።»

ቁልፉን ሰጠኝና ወጣ።

ቢራው በዚያው ቀን ከሰዓት ገባ። ሰዉም መጣ፤ ፀጉር አስተካካዩ ትክክል ነበር፣ አፈር ያስበላውና። አንድ ስድስት ሰው ቢራም ዳቦም ይዞ ወጣ። አመሻሽ ላይ ልዘጋ ብዬ ብረቱን ጎተትኩ፤ ወገብ ላይ ሲደርስ ቅርቅር አለ። አነሳሁት፣ በጉልበቴ መታሁት፣ ጉልበቴ ነው እንጂ በሩ አልተሰማውም። ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ ሞከረ፤ ከአውቶቡስ የወረዱ ሁለት ጎረምሶችም ተንጠለጠሉበት። ወይ ፍንክች! ሁሉም ተራ በተራ «ባለሙያ ጥሪ» እያሉኝ ሄዱ። ደጄ ላይ ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩበት ተገልብጦ የቆመ የቢራ ሣጥን መሆኑን ያወቅኩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ።

ወንድሜ ከጓሮው በኩል መጣ። ልብስ ማጠቢያው በዚያው ቀን ቀጥሮት ከሥራ እየገባ ነበር፤ ልብሱ የሳሙና እንፋሎት ይሸታል። የእኔ ሱቅም ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ተጨምሮ ሊዞረው የሚገባ ሦስተኛ ሱቅ ሆኗል፤ ግን አልዞረውም። ክንዴን ይዞ አነሳኝ። ከዚያ ለሱቁ ጀርባውን ሰጠ። ዋናውን መብራት አጥፍቼዋለሁ፤ የማቀዝቀዣው ግን አይጠፋም፤ ጠርሙሶቹ እያበሩ ውስጥ ቆመዋል። ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ እጆቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ብረቱን ያዘ። ትንሽ ወደ ላይ አነሳው፤ ሳያይ በተረከዙ ግራውን ጎን ነካ አደረገው፤ ለቀቀው።

ይኸው ሰባት ወር ሆነው፤ በየቀኑ ይመጣል። ጠዋት ራሴ እከፍተዋለሁ፤ ወደ ላይ ሲሄድ አያስቸግርም። ማታ እሱ ነው። ሲመጣ ፊቱን አዙሮ ስለሚመጣ ሰላም አንባባልም፤ እኔ ወጥቼ ጎኑ እቆማለሁ፣ እሱ ወደ ኋላ ይጎትታል። በሩ መሬት ሲነካ ያ ቢጫ ማስታወቂያ ከኋላው ይዘረጋል። ዝናብ ቢመታው ፀሐይ ቢመታው ንቅንቅ አላለም፤ ተቃውሞ ያለው ሰው በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ያቅርብ የሚለው አሁንም ጥርት ብሎ ይነበባል።

በሩ መዘጋቱን በእጁ ዳስሶ ካረጋገጠ በኋላ ነው ወደ እኔ የሚዞረው። «እንደምን ዋልሽ እትዬ» ይለኛል።

ደህና ዋልኩ እለዋለሁ።